መጀመሪያ ሜትር አምጡ

ቬንቲሌተር የሚባለው የመተንፈሻ ማሽን ላይ ለሚገባ የኤአርዲኤስ ታማሚ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ዕቃ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ማሽኑ በአንድ ትንፋሽ ስንት ሚሊ ሊትር አየር እንደሚገፋለት የሚወሰነው በቁመቱ ነውና። የተኛ ሰው ቁመት ደግሞ በዓይን ሲታይ ያታልላል፤ አብዛኛው ገማች ያስረዝማል።

ስሙ ሲዘረዘር አኪዩት ሪስፓይራቶሪ ዲስትሬስ ሲንድረም ነው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሁሉ ኤአርዲኤስ ይለዋል። አስታማሚ ጋ ሲደርስ ግን «ሳንባው ውኃ ቋጠረ» ይሆናል፤ ወዲያው «ታዲያ ለምን አይቀዱለትም?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል የሚጠራቀም ፈሳሽ አለ፤ እሱ በመርፌ ይቀዳል። ልብ ሲደክም ወደ ሳንባ የሚመለስ ፈሳሽ አለ፤ እሱ በሚያሸና መድኃኒት ይቀንሳል። ኤአርዲኤስ ሦስተኛው ነው። የአየር ከረጢቶቹና በዙሪያቸው ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ተቆጥቶ ማፍሰስ ሲጀምር፣ ፕሮቲን ያዘለ ወፍራም ፈሳሽ በሚሊዮን የሚቆጠሩትን ከረጢቶች አንድ በአንድ ይሞላቸዋል። በመርፌ የሚገኝ አንድ ቦታ የለውም። ከረጢቶቹ እንዳይጣበቁ የሚያደርገው ሰርፋክታንት የሚባለው ቅባትም አብሮ ይበላሻል፤ ስለዚህ ያልሞሉትም ይደፈናሉ።

መነሻው ከሳንባው ከራሱ ሊሆን ይችላል፦ የሳንባ ምች፣ ትውከት ወደ አየር ቧንቧ መግባት፣ ውኃ ውስጥ መስጠም። ከሩቅም ይመጣል፦ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን በመላ ሰውነት የሚያስነሳው ከባድ መቆጣት)፣ የቆሽት መቆጣት፣ ከባድ የመኪና አደጋ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ደም መውሰድ። በከባድ የፋልሲፓረም ወባ ላይ የሚያደናግር ነገር አለ። መድኃኒቱ ሠርቶ፣ ተውሳኩ ከደም እየጠፋ፣ ትኩሳቱ በርዶ ሳለ ትንፋሽ ሊያጥር ይችላል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ደግሞ ይበረታል። «ወባው እኮ ለቆታል» ተብሎ ታማሚው ከዓይን የሚርቀው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ሜትሩ እንመለስ። ጣሊያናዊው ሐኪም ሉቻኖ ጋቲኖኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እነዚህን ሳንባዎች በሲቲ ስካን ሲያዩ ሳንባው በሙሉ እኩል እንዳልተጎዳ አስተዋሉ። በጀርባ በኩል ያለው ክፍል እንደ እርጥብ ስፖንጅ በራሱ ክብደት ተጨፍልቋል። አየር የሚገባው ከፊት በኩል ወዳለው ጥቂት ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ያ ክፍል በከባድ ታማሚ ላይ የአምስት ወይም የስድስት ዓመት ልጅ ሳንባ ያህል ነው። የአዋቂ ሰው ትንፋሽ ሲገፋበት ይወጠራል፣ ይቆጣል፣ እሱም ማፍሰስ ይጀምራል። ሳንባውን ለማዳን የመጣው ማሽን የተረፈችውን ጤነኛ ክፍል ይጎዳል ማለት ነው።

ይህ ግምት ብቻ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2000 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) የታተመው የአሜሪካ ጥናት 861 ታማሚዎችን ለሁለት ከፈለ። ለግማሹ በአንድ ትንፋሽ በኪሎ 12 ሚሊ ሊትር ተሰጠ፤ በጊዜው የተለመደው ከዚህ ብዙም አይርቅም ነበር። ለቀሪው 6። ከመጀመሪያዎቹ 39.8 በመቶ ሞቱ፤ ከሁለተኛዎቹ 31 በመቶ። አዲስ መድኃኒት የለም፣ አዲስ ማሽን የለም፤ የተለወጠው የሚዞር ቁልፍ ላይ ያለ ቁጥር ነው።

«በኪሎ» ሲባል ሚዛን ላይ የሚነበበው ኪሎ አይደለም፤ ስህተቱ በብዛት የሚሠራው እዚህ ነው። ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አያድግም። የሚሰላው ከቁመት ነው፦ ለወንድ 50 ሲደመር፣ ቁመቱ በሴንቲ ሜትር ተወስዶ 152.4 ሲቀነስለትና በ0.91 ሲባዛ የሚገኘው። ለሴት መነሻው 45.5 ይሆናል፣ የቀረው ያው ነው። ቁመቱ 165 የሆነ፣ 82 ኪሎ የሚመዝን ወንድ እንውሰድ። ከ165 ላይ 152.4 ሲቀነስ 12.6፤ በ0.91 ሲባዛ 11.5፤ 50 ሲደመር 61.5 ኪሎ። በ6 ሲባዛ 370 ሚሊ ሊትር ገደማ። በሚዛኑ ኪሎ ቢሰላ ኖሮ 490 ይሆን ነበር። 155 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት ደግሞ 48 ኪሎ ገደማ ትሆናለች፤ ትንፋሿ 290 ነው። ብዙ ቦታ ማሽኑ ሲከፈት 500 ላይ ይቀመጣል፤ ክብ ቁጥር ስለሆነ ለዓይን ደስ ይላል። ለዚች ሴት 500 ማለት በኪሎ ከ10 በላይ ነው። አጫጭር ሴቶች ከሁሉም በላይ የሚጎዱት በዚህ ክብ ቁጥር ነው።

አለካኩ፦ አልጋው ይዘርጋ፣ ትራሱ ይውጣ፣ እግሩ ይቃና፤ ከአናት እስከ ተረከዝ በአልጋው ጎን ይለካ። ጉልበቱ የማይዘረጋ ከሆነ ሁለቱ ክንዶች ተዘርግተው ከመሐል ጣት ጫፍ እስከ መሐል ጣት ጫፍ ያለው ርቀት ቁመቱን ይተካል። ውጤቱና የትንፋሹ መጠን በማርከር ተጽፎ ማሽኑ ላይ ይለጠፍ። ሌሊት ተረኛ ሲለወጥ የሚያድነው ይህ ወረቀት ነው።

መጠኑ ከተስተካከለ በኋላ ግፊቱ ይታያል። ታማሚው ጸጥ ባለበት፣ አየር ከገባ በኋላ ማሽኑ ግማሽ ሴኮንድ ያህል እንዲይዝ ይደረግና የሚነበበው ፕላቶ ይባላል፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር ውኃ (የግፊቱ መለኪያ ነው) ማለፍ የለበትም። ካለፈ ትንፋሹ ከ6 ወደ 5፣ ካስፈለገም ወደ 4 ይወርዳል። ከፕላቶው ላይ ፒፕ (ትንፋሽ ሲወጣ ሳንባ ውስጥ የሚቀረው ግፊት) ሲቀነስ የሚቀረው ቁጥርም ከ15 በታች ቢሆን ይመረጣል። ትንፋሹ ሲያንስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፤ ለዚህ በደቂቃ የሚሰጠው የትንፋሽ ብዛት ይጨመራል፣ እስከ 35 ድረስ። የደሙ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) 7.25 ቢሆን አያስደነግጥም፤ የጭንቅላት ውስጥ ግፊት ያለበት ካልሆነ በቀር። ቁጥሩን ለማሳመር ብሎ ትንፋሹን መልሶ ማሳደግ ወረቀቱን ማከም ነው።

ፒፕ ማለት ትንፋሽ ሲወጣ ከረጢቶቹ ጨርሰው እንዳይደፈኑ የሚተው ግፊት ነው። ከተለመዱት ሰንጠረዦች አንዱ ኦክስጅኑ 40 በመቶ ሲሆን ከ5 እስከ 8፣ 60 ሲሆን 10፣ 80 ሲሆን 14 ይላል። ፒፕ ሲጨመር የደም ግፊት ሊወድቅ ስለሚችል ዓይን ሞኒተሩ ላይ ይሁን። ማሽኑ ከታማሚው በተነቀለ ቁጥር፣ ለመምጠጥም ይሁን ወደ ሲቲ ስካን ለመውሰድ፣ ለሰዓታት የተከፈተው ከረጢት በሴኮንዶች ይደፈናል። ስለዚህ ሳይነቀል በፊት የመተንፈሻ ቱቦው በክላምፕ ይቆነጠጣል። ብረቱ ቱቦውን እንዳይቆርጠው ጎዝ ይጠቅለልበት።

ሌላም የሚደበቅ ነገር አለ። አየር የጠማው ታማሚ የመጀመሪያውን ትንፋሽ ሳያወጣ ሁለተኛውን ይስባል። ስክሪኑ 370 ይላል፤ ሳንባው ውስጥ ያለው ግን 740 ነው። ሞገዱ ላይ ሁለት ጉብታ ተከታትሎ ከታየ ማስተኛው መድኃኒት አንሷል ወይም የማሽኑ አቀማመጥ አልተስማማውም ማለት ነው።

ምርመራው እንዲህ ነው። ሕመሙ በመጀመሪያ በጽሑፍ የተገለጸው በ1967 ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ ነው፤ በ12 ታማሚዎች፣ ሰባቱ ሞተዋል። ዛሬ የሚሠራበት የ2012ቱ የበርሊን ትርጓሜ አራት ነገር ይጠይቃል። መነሻው ከተከሰተ በአንድ ሳምንት ውስጥ የመጣ ይሁን፤ በራጅ ሁለቱም ሳንባ ላይ ነጭ ጥላ ይታይ፤ በልብ ድካም ወይም በፈሳሽ ብዛት ብቻ የሚገለጽ አይሁን፤ ቢያንስ 5 ፒፕ ላይ ሳለ ደግሞ የደም ወሳጅ የኦክስጅን ግፊት ለሚሰጠው ኦክስጅን ድርሻ ሲካፈል ከ300 አይብለጥ። 60 በመቶ እየተሰጠው ግፊቱ 72 ከሆነ፣ 72 ለ0.6 ሲካፈል 120 ነው። ከ200 እስከ 300 ቀላል፣ ከ100 እስከ 200 መካከለኛ፣ ከ100 በታች ከባድ።

እነዚህ ቁጥሮች ግን ለባሕር ወለል የተበጁ ናቸው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ ከ760 ወደ 575 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይወርዳል። ወደ ሳንባ የሚገባው አየር የኦክስጅን ግፊት በባሕር ወለል 150 ሲሆን አዲስ አበባ ላይ 111 አካባቢ ነው። ስለዚህ ከ1,000 ሜትር በላይ ወሰኑ ራሱ በቦታው የአየር ግፊት ተባዝቶ ለ760 ይካፈላል። አዲስ አበባ ላይ በ575 ሲባዛ፦ 300 የነበረው 227፣ 200 የነበረው 151፣ 100 የነበረው 76 ይሆናል። ሁሉም ነገር እኩል ሆኖ 250 ያለው ሰው ጅቡቲ ላይ ቀላል ኤአርዲኤስ አለው ይባላል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን አይባልም። የታማሚውን ቁጥር ራሱን በማባዛት የሚያስተካክሉም አሉ፤ ያ ግን ሰውየውን በወረቀት ላይ ከታመመው በላይ ያሳምመዋል።

የደም ጋዝ ማሽን (የደም ናሙና ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው)፣ ራጅና ቬንቲሌተር በሌለበትስ? ኪጋሊ ውስጥ የተሠራውና በ2016 የታተመው ጥናት የተነሳው ከዚህ ነው። ተመራማሪዎቹ የፒፕን ግዴታ አነሱ፤ በራጅ ፋንታ አልትራሳውንድን፣ በደም ጋዝ ፋንታ ጣት ላይ የሚደረገውን ኦክሲሜትር ተቀበሉ። የኦክሲሜትሩ ንባብ ለኦክስጅኑ ድርሻ ሲካፈል 315 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ንባቡም ከ97 ካልበለጠ ይቆጠራል። ከ97 በላይ ቁጥሩ ትርጉም የለውም፤ የደሙ ኦክስጅን በእጥፍ ቢጨምርም ጣቱ ላይ ያው 98 እና 99 ነው። 1,046 ታማሚዎች ታይተው 4 በመቶው ኤአርዲኤስ ነበረባቸው፤ ግማሾቹ ሞቱ። በበርሊኑ መለኪያ ቢኬድ ግን አንዱም አይቆጠርም ነበር። በ2024 የታተመው ዓለም አቀፍ ትርጓሜ የኪጋሊውን መንገድ ተቀብሏል።

ኦክሲሜትሩን ግን ሙሉ በሙሉ አለማመን ነው። በ2020 የታተመ የአሜሪካ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ሲያነብ በደም ጋዝ የተገኘው እውነተኛ ቁጥር ከ88 በታች የሆነባቸውን ቆጠረ፤ ከነጭ ታማሚዎች 3.6 በመቶ፣ ከጥቁር ታማሚዎች 11.7 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የሕክምናው ዒላማ ከ88 እስከ 95 ነው። የደም ጋዝ በማይገኝበት እኛ ዘንድ የዒላማው የታችኛው ጫፍ ላይ መቀመጥ አደገኛ ነው፤ 92 እና ከዚያ በላይ ይሻላል።

ከቬንቲሌተሩ አስተካከል ቀጥሎ ሕይወት ያዳነው ነገር በደረት ማስተኛት ነው። በ2013 የታተመው የፈረንሳይና የስፔን ጥናት የደም ወሳጅ የኦክስጅን ግፊታቸው ለኦክስጅኑ ድርሻ ሲካፈል ከ150 በታች የሆነ 466 ታማሚዎችን መረጠ። በጀርባ ከተኙት በ28 ቀን ውስጥ 32.8 በመቶ ሲሞቱ በየቀኑ ቢያንስ 16 ሰዓት በደረታቸው ከተኙት የሞቱት 16 በመቶ ናቸው። ምክንያቱ ያ እርጥብ ስፖንጅ ነው። ሰፊው የሳንባ ክፍል በጀርባ በኩል ያለው ነው፤ በደረት ሲተኛ የልቡም የሳንባውም ክብደት ይነሳለትና ይከፈታል። ደሙ ግን በብዛት ወደዚያው መሄዱን አያቆምም። አየርና ደም ይገናኛሉ።

ሥራው የጉልበት ሳይሆን የዝግጅት ነው። የአፍንጫ ቱቦ ምግብ ከአንድ ሰዓት በፊት ይቆማል፣ ጨጓራው ይመጠጣል። ኦክስጅኑ 100 በመቶ ይደረጋል። አፉና የመተንፈሻ ቱቦው ይመጠጣሉ፤ ቱቦው ጥርሱ ጋ ስንት ቁጥር ላይ እንዳለ ጮክ ብሎ ይነበባል፣ ይጻፋል። ዓይኑ በቅባት ተቀብቶ በፕላስተር ይዘጋል፤ ምላሱ አፉ ውስጥ ይገባል። የልብ ሽቦዎቹ ከደረት ተነቅለው ጀርባ ላይ ይለጠፋሉ። ትራስ ደረቱና ዳሌው ላይ ይቀመጣል፤ ሆዱ በመካከል ነፃ ይሆናል። ላዩ ላይ ሌላ አንሶላ ይለብሳል፣ ከታች ካለው አንሶላ ጋር ጠርዝ ለጠርዝ ይጠቀለላል። አንድ ሰው ራስጌ ቆሞ ቱቦውን በእጁ ይይዛል፤ የሚቆጥረው እሱ ብቻ ነው። በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሰው። በመጀመሪያው ቆጠራ ወደ አልጋው ጠርዝ ይሳባል፣ ማሽኑ ካለበት ጎን ተቃራኒ። በሁለተኛው በጎኑ ይቆማል፤ እዚህ ላይ ሁሉም ቆሞ ቱቦውንና መስመሮቹን ያያል። በሦስተኛው በደረቱ ይተኛል። ራስጌው ትንሽ ከፍ ይላል፤ አንድ ክንድ እንደሚዋኝ ሰው ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች፣ ፊቱ ወደ ላይኛው ክንድ። በየሁለት ሰዓቱ ፊቱና ክንዶቹ ይቀያየራሉ። ይህ ሲረሳ ጉንጭና አገጭ ይቆስላሉ፣ የትከሻ ነርቭም ይጎዳል።

ሰዓቱ ከሠራተኛ ብዛት ጋር ይጣጣም። ከቀኑ 9 ሰዓት፣ የቀን ተረኞች ሳይወጡ ቢገለበጥ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አዲሶቹ ሲገቡ ሲመለስ 17 ሰዓት ሞላ። ለሌሊት ሁለት ነርሶች የሚቀረው ፊት ማዞር ብቻ ነው። ያልረጋ የአከርካሪ ስብራት ወይም የተከፈተ ሆድ ያለበት ግን አይገለበጥም። በጀርባው ከተመለሰ ከ4 ሰዓት በኋላ፣ ኦክስጅኑ 60 በመቶ ወይም በታች፣ ፒፑም 10 ወይም በታች ሆኖ ቁጥሩ 150 ከደረሰ መገልበጡ ያበቃል።

በመድኃኒት በኩል ብዙ የሚወራ የለም። የመነሻውን በሽታ በጊዜ ማከም ይቀድማል። ዴክሳሜታሰን የተባለው ስቴሮይድ በተጠናበት መጠን 20 ሚሊ ግራም ለ5 ቀን፣ ከዚያ 10 ሚሊ ግራም ለ5 ቀን ነው፤ ለኮቪድ 6 ሚሊ ግራም እስከ 10 ቀን። በኢንፍሉዌንዛ ለመጣው ግን ይጎዳል የሚል ሥጋት ስላለ መጠንቀቅ ነው። ስትሮንጊሎይደስ የተባለው የአንጀት ትል ባለባቸው አካባቢዎችም ከስቴሮይዱ ጋር ኢቨርሜክቲን የተባለው የትል መድኃኒት ይታሰብ፤ ትሉ በስቴሮይድ ሥር በሰውነት ሁሉ ይበተናል። ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት በ2010 ጠቃሚ መስሎ ነበር፤ በ2019 ግን ለሁሉም መስጠት ጥቅም የለውም ተባለ። ከማሽኑ ጋር ለሚታገል ይበቃል፤ በማስተኛ መድኃኒት በደንብ ሳያስተኙ መስጠት ግን ነቅቶ የማይንቀሳቀስ ሰው መፍጠር ነው። ኤክሞ የሚባለው ደምን ከሰውነት ውጭ ኦክስጅን የሚያጠጣ ማሽን በ2018ቱ ጥናት ሞትን ከ46 ወደ 35 በመቶ ያወረደ ቢመስልም ልዩነቱ በስታትስቲክስ አልጸናም፤ የሚገኝበትም ቦታ ጥቂት ነው።

ፈሳሽ ላይ እጅ ማጠር ያስፈልጋል። ደም ግፊቱ ከረጋ በኋላ የሚገባው ከሚወጣው አይብለጥ፤ ካስፈለገ ፉሮሰማይድ የተባለው የሚያሸና መድኃኒት ይሰጥ። በ1,000 ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2006 የታተመው ጥናት ይህ ሞትን ባይቀንስም ከማሽን የሚወጡበትን ቀን እንደሚያፋጥን አሳይቷል። «ግሉኮስ ይሰቀልለት፣ ደክሟል» የሚለው የቤተሰብ ልመና የሚከብደው እዚህ ነው። መድኃኒት የሚበጠበጥበት ሳላይንም ይቆጠር፤ ተደምሮ በቀን ከአንድ ሊትር ሊያልፍ ይችላል፣ ማንም ግን አይመዘግበውም።

ኦክስጅኑ በድንገት ሲወርድ ቁልፍ ከመነካቱ በፊት አራት ነገር ይታይ፦ ቱቦው ወጥቷል ወይም ጠልቋል፤ በአክታ ተዘግቷል ወይም ታማሚው ነክሶታል፤ ሳንባው ተቀዶ አየር ደረት ውስጥ ገብቷል፤ ወይም ችግሩ የማሽኑና የኦክስጅን መስመሩ ነው። ፒፕ ቫልቭ ባለው አምቡ ባግ (በእጅ የሚጨመቅ የአየር ፊኛ) ማስተንፈስ የመጨረሻውን ወዲያው ይለያል።

ሲሊንደር ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ሒሳብ በቃሉ ይያዝ። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ኦክስጅን አለው። በአፍንጫ በደቂቃ 60 ሊትር የሚሰጠው ማሽን 100 በመቶ ላይ ቢሠራ በ100 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ቬንቲሌተር ላይ በደቂቃ 10 ሊትር የሚተነፍስ ሰው ግን፣ ማሽኑ ለራሱ የሚያፈሰው ሳይቆጠር፣ 10 ሰዓት ይቆይበታል።

ከማሽን የወጣ ሰው አልዳነም፤ መዳን ጀመረ እንጂ። በ2003 የታተመው የካናዳ ጥናት 109 የተረፉ ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከተለ። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲወጡ ከክብደታቸው 18 በመቶ አጥተው ነበር። በዓመቱ ሳንባቸው ብዙም አላስቸገራቸውም፤ ያቃታቸው ጡንቻቸው ነው። ወደ ሥራ የተመለሱት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ስለዚህ እግርና እጅ ማንቀሳቀስ ገና ቱቦው ሳይወጣ ይጀመራል፤ ይህን አስታማሚም ነርሷ እያሳየችው ሊሠራው ይችላል።

ቱቦው በወጣ ቀን ቤተሰብ አጥሚት ይዞ ይመጣል። ብዙ ቀን ቱቦ የቆየበት ጉሮሮ ግን መዋጥ ይረሳል፤ ድምፁም ይሻክራል። አጥሚቱ ወደ ሳንባ ከገባ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ሊጀምር ነው። መጀመሪያ ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ በትእዛዝ ያስል፤ ከዚያ ነርሷ አጠገቡ ሆና አንድ ማንኪያ ውኃ። ካሳለ ወይም ድምፁ ከረጠበ በማግስቱ እንደገና ይሞከራል። አጥሚቱ ፔርሙዝ ውስጥ ይቆይ።